የብስክሌት መጫኛ ስትገዙ፦ ሌባ በቀላሉ የማይወስደው የትኛው ነው?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። መኪናዬ እንደቆመች ነች። ጎማዎቹ አሉ፣ ስፖኪዮው አለ፣ መስታወት አልተሰበረም። ጣሪያዋ ላይ ያለው ፖርቶመጋላ፣ ብስክሌት የምጭንበት ብረት፣ ግን የለም። አራት ቦታ ላይ አቧራ ያልነካው ንጹሕ ቀለም ብቻ ቀርቷል።

ያቆምኳት ከጎንደር ፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የመንገድ መብራት ያለበት ቦታ ነው። የልጆቹን ሁለት ብስክሌቶች ማታ አውርጄ ቤት አስገብቼ ነበር። የብስክሌት ማሰሪያው ቁልፍም ኪሴ ውስጥ ነው። ግን ያ ቁልፍ የሚይዘው ብስክሌቱን ከመጫኛው ጋር ነው። መጫኛውን ከመኪናው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ነበሩ።

በዚያው ቀን ወደ አንድ መካኒክ ሄድኩ። የቀረችኝን አንዲት ብሎን አየና «ጋሸ፣ ይቺ እኮ በ13 ቁልፍ ነው የምትፈታው» አለኝ። እውነቱን ነው። ኤም8 የሚባለው ብሎን በ13 ቁልፍ ይፈታል። 13 ቁልፍ ደግሞ ከባጃጅ ወንበር ሥር የማይጠፋ ዕቃ ነው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ከመግዛቴ በፊት ብዙ ጠየቅኩ፣ ብዙ አየሁ። ሻጮች የሚነግሩን ስንት ብስክሌት እንደሚጭን ነው። እኔ ግን አሁን መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህ መጫኛ መኪናው ላይ በምን ተይዟል? ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር የጻፍኩት በዚህ ጥያቄ ነው። ጎንደር ዳገት ናት። ልጆቻችን ብስክሌት የሚለምዱት ሜዳ ፍለጋ ወደ አዘዞ በኩል ሲወርዱ፣ ሲገኝም ጎርጎራ ድረስ ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ብስክሌት በመኪና መጫን ለብዙዎቻችን ቅንጦት አይደለም።

በያጅ ቤት የሚሠራው ፖርቶመጋላ

አብዛኞቻችን የምናውቀው ይህን ነው። ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እንደ ፒያሳ፣ እንደ ብሎን፣ እንደ ስፖኪዮ። በያጁ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) ይቆርጣል፣ ይበይዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ጣሪያው ላይ በብሎን ያስረዋል። ጥሩነቱ በልካችሁ መሠራቱ ነው። ከዚህም በላይ፣ ብሎኑ የት እንደሚገባ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔ ያኔ ይህን አላሰብኩም። በያጁ ለእጁ በተመቸው ቦታ አሰረው፤ ለሌባውም ተመቸው።

አሁን ባሠራ ሦስት ነገር አዝዝ ነበር። አንደኛ፣ የቪትዝና የአዳዲሶቹ ኮሮላዎች ጣሪያ የውሃ መውረጃ ጠርዝ ስለሌለው መያዣው በሩ አናት ላይ፣ በሩ በሚዘጋበት ጠርዝ ይገባል። ከተቻለ ብሎኑ በሩ ሲዘጋ በሚሸፈንበት በኩል ይሁን። በሩ ተቆልፎ ካደረ ቁልፍ ማስገባት አይቻልም። እንደ ድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች ጠርዝ ያላቸው መኪኖች ላይ ግን ይህ አይሠራም፤ ብሎኑ ሁልጊዜ ውጭ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ የብሎኑ ጫፍ በመዶሻ ይጨፍለቅ። ጥርሱ ከተበላሸ ዳዶው ወደ ኋላ አይወጣም። ከአራቱ ሁለቱን እንዲህ ማድረግ ይበቃል። አንዳንዱ ዳዶውን ነጥብ ያስበይዳል። ያም ጥሩ ነው፤ ግን መኪናው ላይ እንዳለ ከተበየደ መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀል። አለበለዚያ የብየዳው ኃይል የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ ሊያቃጥል ይችላል። መስታወቱም በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። የብየዳ ፍንጣሪ መስታወት ላይ ካረፈ አይለቅም።

ሦስተኛ፣ ብሎኑ ራሱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው፣ በ«አለን» ቁልፍ የሚፈታ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የምትገጥም ትንሽ የኩሽኔታ ኳስ ጨምሩና በማጣበቂያ ዝጉት። ሌባው ቁልፉን የሚያስገባበት አያገኝም። እናንተ መፍታት ስትፈልጉ ግን ትንሽ ትለፋላችሁ። ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብበት ብሎኑ ስለሚዝግም ከመታሰሩ በፊት ግራሶ ቀቡት።

የዚህ መጫኛ ትልቁ ችግር ክብደቱ ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጣሪያው የሚችለውን ክብደት ይናገራል። ለትንንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ነው። መጫኛውም ራሱ ከዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ከወፍራም ብረት የተሠራ ፖርቶመጋላ ብቻውን 25 ኪሎ ቢመዝን፣ ሁለት ባለ 15 ኪሎ ብስክሌት ሲጨመር 55 ኪሎ ሆነ። ስለዚህ ቀጭን ቱቦላሬ ምረጡ። በያጁ «ወፍራሙ ይሻላል» ቢላችሁም መጽሐፉን አስቀድሙ።

ከውጭ የሚመጣው ባለ ቁልፍ የአሉሚኒየም መጫኛ

በ1942 ስዊድን ውስጥ የተመሠረተው ቱሌ እና የአሜሪካው ያኪማ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ቀላል ናቸው፣ ሲያዩአቸውም ያምራሉ። ብሎኑ በመክደኛ ይሸፈናል፣ መክደኛው በቁልፍ ይዘጋል። ከሌባ አንጻር ከጣሪያ መጫኛዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ግን ልብ በሉ። ብዙዎቹ ሲሸጡ የቁልፉ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚገባበት ክፍል) አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ይገዛል። ቀዳዳው በፕላስቲክ ተደፍኖ ይመጣል። ሰው አይቶ «ቁልፍ አለው» ይላል፤ የለውም። ከውጭ አገር ወንድም ወይም እህት ልታስመጡ ከሆነ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሲሊንደሮቹ ሁሉ በአንድ ቁልፍ እንዲከፈቱ ሆነው በአንድ ጥቅል ይገኛሉ።

ሌላም አለ። እነዚህ መጫኛዎች የሚታዘዙት በመኪናው ሞዴልና ዓመት ነው። እኛ ቪትዝ የምንለው መኪና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ነው የሚባለው። አውሮፓ ያለ ሰው ቪትዝ ብሎ ቢፈልግ ላያገኝ ይችላል። ያሪስ ብሎ፣ ከነዓመቱና ከነበሮቹ ብዛት ይፈልግ።

ቁልፉ ላይ ቁጥር ተጽፏል። በዚያ ቁጥር ሌላ ቁልፍ ማዘዝ ይቻላል። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉት። ሲሊንደሩም ላይ ካለ ግን በቀለም ሸፍኑት፤ ለእናንተ የሠራው ቁጥር ለሌላም ይሠራል። የእኛ አቧራ ሲሊንደር ይደፍናል። ዘይት አትጨምሩበት፤ ዘይትና አቧራ ጭቃ ይሆናሉ። የመጻፊያ እርሳስ ብናኝ ይሻላል።

ኋላ በር ላይ በማሰሪያ የሚንጠለጠለው

ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ቀላል ነው። ይህን ማታ መኪናው ላይ ትቶ መሄድ ግን ለሌባ እንደ መስጠት ነው። ማሰሪያው ጨርቅ ነው። ቢላ ያለው ሰው በአንድ ትንፋሽ ይቆርጠዋል።

ሆኖም እኔ ንቄው ቆይቼ በኋላ ነው ሐሳቤን የቀየርኩት። እናንተም በአንድ ደቂቃ ታወርዱታላችሁ። ታጥፎ ክንድ ሥር ይያዛል። ቤት ያደረ ዕቃ ከመንገድ አይሰረቅም። ማሰሪያውን ግን በየወሩ እዩት፤ ፀሐይ ያደርቀዋል። ብስክሌቱ ታርጋውን ወይም የኋላ መብራቱን ከሸፈነ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆማችኋል፤ ልክም ነው። ቀለም እንዳይቧጥጥ ላስቲኩ የሚያርፍበትን ቦታ ከመታሰሩ በፊት ጥረጉ። አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጦ ከሥሩ ማድረግም ይረዳል።

ለላንድክሩዘር፣ ለራቭ ፎርና ለሃይሉክስ

ኋላ በሩ ላይ ትርፍ ጎማ ላለው መኪና፣ ጎማው ላይ የሚታሰር መጫኛ አለ። የመጫኛው ብሎን የጎማውም ስለሆነ ባለ ቁልፍ ዳዶ ካልገጠማችሁ ሌባ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያገኛል። እዚህ ላይ አልደራደርም፤ ያለ ባለ ቁልፍ ዳዶ አትግዙት።

ተጎታች መሳቢያ ላይ የሚገባው ደግሞ ጠንካራ ነው። የአሜሪካው ዓይነት 2 ኢንች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ውስጥ ይገባና በ16 ሚሊ ሜትር ፒን ይያዛል። ሌላው ዓይነት የመሳቢያውን ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ይጨብጣል። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚመጣው ፒን ጫፉ ላይ ሽቦ ብቻ ያለው ነው። ሽቦውን ነቅሎ ፒኑን መሳብ በቃ፤ ቁልፍ እንኳ አያስፈልግም። ባለ ቁልፍ ፒን ለብቻው ይሸጣል፤ ሳትገዙት አትውጡ። ይህ መጫኛ ወደ ኋላ ስለሚወጣ ደግሞ የጎንደር ዳገት ላይ መሬት ይነካል። ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወስደውን መንገድ የወጣ ሰው የምለው ይገባዋል።

ሃይሉክስ ያላችሁ ሰዎች ግን ለምን ትገዛላችሁ? ብስክሌቱን ኋላ ጫኑት። ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ በሰንሰለትና በጓጉንቸር እሰሩት። ከዚህ የተሻለ የለም።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

መኪናችሁ የሚያድረው ግቢ ውስጥ፣ ጥበቃ ካለበት፣ የበያጁ ፖርቶመጋላ በቂ ነው። ብሎኑን ብቻ እንዳልኩት አድርጉ። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁና መኪናውን ለረጅም ጊዜ የምትይዙት ከሆነ ባለ ቁልፉ አሉሚኒየም ገንዘቡን ያወጣል። መኪናውን ስትሸጡ ግን ለሌላ ሞዴል ላይገጥም እንደሚችል አስቡ።

እንደ እኔ መንገድ ዳር የምታሳድሩ ከሆነ በማሰሪያ የሚንጠለጠለውን ግዙና በየማታው ቤት አስገቡት። አንድ ብስክሌት ብቻ ከሆነ ያለ መጫኛም ይሆናል። የፊት ጎማውን ፍቱ፣ የኋላ ወንበሩን እጠፉ፣ ቪትዝም ቢሆን ይይዘዋል። ጎማ መፍታት ልጄ በአንድ ቀን ለምዷል።

የትኛውንም ብትገዙ፣ መኪናው ላይ እንዳለ ፎቶ አንሱት። ደረሰኙን አስቀምጡ። በያጅ የሠራውም ቢሆን ቱቦላሬው ላይ የሆነ ምልክት በብየዳ አስወጡበት። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ «ምልክቱ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ጥቁር ነው ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም። ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ጣሪያ ላይ የተጨመረው ዕቃ ውሉ ላይ ተጽፎ እንደሆነ ጠይቁ።

በጥምቀት ሰሞን ጉዳዩ ይለያል። ጥር 10 እና 11 በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ሕዝቡ ስለሚበዛ መኪና ራቅ ተደርጎ ይቆማል፣ ቀኑን ሙሉም ሳይታይ ይውላል። ለእንግዳ ስንሯሯጥ ማንም ጣሪያ ቀና ብሎ አያይም። የሚወርድ መጫኛ ያላችሁ ጥር 9 ማታ አውርዱት። የእኔው አሁን በር ጀርባ፣ ከልጆቹ ብስክሌቶች ጎን ተንጠልጥሏል።