ለኩላሊት ሕመምተኛ የፎስፌት መድኃኒት፦ ጉበትም ከታመመ የቱ ይሻላል?

እጥበት ላይ ያለ ሰው የጉበት ኢንዛይሙ ከፍ ሲል፣ ከምግብ ጋር የሚወስደው የፎስፌት ባይንደር (የምግብ ፎስፌትን የሚይዝ መድኃኒት) ሊጠረጠር ይችላል። ብዙ ጊዜ ያለጥፋቱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አንጀት ውስጥ ከምግቡ ፎስፌት ጋር ተጣብቀው በሰገራ ይወጣሉ፤ ጉበት አያብላላቸውም። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ የቲቢ መድኃኒት፣ ባህላዊ መድኃኒት ቀድመው ይታዩ። የእጥበት ታካሚ ኤኤልቲ (አንዱ የጉበት ኢንዛይም) ከሌላው ሰው ዝቅ ብሎ ስለሚገኝም፣ «ኖርማል» የሚል ወረቀት ብቻውን ሄፓታይተስ የለም አያሰኝም።

ጉበቱ አስቀድሞ የተጎዳ ሰው ግን ሲመርጥ የሚያያቸው ሌሎች ነገሮች አሉ።

ካልሲየም ካርቦኔት ርካሹ ነው። 1250 ሚ.ግ. ውስጥ 500 ሚ.ግ. ካልሲየም አለ፤ በካልሲየም አሲቴት 667 ሚ.ግ. ውስጥ 169 ብቻ። ካርቦኔቱ ለመሟሟት የጨጓራ አሲድ ስለሚፈልግ ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ላይ ይደክማል። ዋናው ወጥመድ ግን አልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) ነው። ጉበት ሲደክም አልቡሚን ይወርዳል፣ የካልሲየሙ ቁጥርም ዝቅ ብሎ ያታልላል። የካልሲየም ውጤቱ 9.6 ሚ.ግ./ዲ.ሊ.፣ አልቡሚኑ 2.5 ግ./ዲ.ሊ. ቢሆን፦ 4 ሲቀነስ 2.5 ይሆናል 1.5፤ በ0.8 ሲባዛ 1.2፤ የተስተካከለው ካልሲየም 10.8 ነው። ደህና የመሰለው ቁጥር ከፍ ያለ ነበር ማለት ነው። ከተገኘ አዮናይዝድ ካልሲየም (ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀውን ነፃ ካልሲየም) ማስመርመር ይበልጣል።

ሴቬላመር ወደ ደም አይገባም፤ ካልሲየምም የለውም። ችግሩ የሆድ ድርቀት ነው። ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለበት ሰው ሆዱ ሲደርቅ አሞኒያ ይጠራቀምና አእምሮው ሊደናገር ይችላል፤ ስለዚህ ሆዱ በየቀኑ መውጣቱን መከታተል ግድ ነው። ቫይታሚን ኬን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ደሙ ቶሎ ለማይረጋ ሰው አይኤንአር (የደም መርጋት ምርመራ) ይታይ። ክኒኑ አይሰበርም፣ አይታኘክም፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ጉሮሮ ላይ ሊቀር ይችላል።

ላንታነም በተቃራኒው በደንብ ታኝኮ ነው የሚዋጠው። ወደ ደም የምትገባው እጅግ ጥቂት ብትሆንም መውጫዋ ሐሞት ነው። የሐሞት ቧንቧ የተዘጋበት ወይም ጉበቱ ክፉኛ የደከመ ሰው ላይ ትጠራቀማለች። ከባይንደሮቹ ሁሉ ለጉበት ሲባል ወደ ኋላ የምናደርገው ይሄን ነው፤ ከተጀመረም የጉበት ምርመራው አይቋረጥ።

ብረት ያለባቸው ባይንደሮች ነገር ይለያያል። ከፌሪክ ሲትሬት ብረቱ ወደ ደም ይገባል (በአንድ ክኒን 210 ሚ.ግ. ብረት አለ)፤ የደም ማነስ ላለበት ጥቅም ነው፣ ሄሞክሮማቶሲስ (ሰውነት ትርፍ ብረት የሚያከማችበት በሽታ) ላለበት ግን ክልክል። ብዙ ደም የተሰጠው ሰው ፌሪቲንና የትራንስፈሪን ሙሌቱን (የሰውነት ብረት መለኪያዎቹን) ሳያይ አይጀምር፤ ትርፍ ብረት የሚከማቸው ጉበት ውስጥ ነውና። ሱክሮፌሪክ ኦክሲሃይድሮክሳይድ የሚያስገባው ብረት ትንሽ ነው፣ ይልቅ ተቅማጥ ያመጣል። ሁለቱም ሰገራ ያጠቁራሉ። የምግብ ቧንቧው ላይ የደም ሥር ያበጠበት ሰው እዚህ ላይ ሊሳሳት ይችላል፦ ብረት ያጠቆረው ሰገራ እንደ ሬንጅ አያጣብቅም፣ ደም ያጠቆረው ግን ያጣብቃል፣ ሽታውም ይከፋል። ማዞር ወይም ደም ማስታወክ ከተጨመረበት ቀለም ማመሳከር ይቅርና በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።