ወደ ቶምስቶንና ቢዝቢ ለመጓዝ፦ ሞተር ሆም ወይስ ተሳቢ ቤት?

ወደ ደቡብ አሪዞና ለመውረድ ያሰቡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ሞተር ሆም (ሞተሩና መኖሪያው አንድ ላይ የሆነ መኪና) ይሻላል ወይስ በፒክአፕ የሚጎተት ተሳቢ ቤት የሚለውን ነው፤ እኔ ያለማመንታት ተሳቢውን እመርጣለሁ።

አሥር ዓመት ያገለገለ ደህና ሞተር ሆም ከ40,000 ዶላር በታች እምብዛም አይገኝም። ለሁለት ሰው የሚበቃ ያገለገለ ተሳቢ ግን በ15,000 ዶላር አካባቢ ስለሚገኝ፣ ፒክአፕ ላለው ሰው ልዩነቱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ፒክአፕ ለሌለው ልዩነቱ ቢጠብም፣ ፒክአፑ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል፤ ሞተር ሆሙ ግን ቆሞም ኢንሹራንስ ይበላል።

በ1881 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የተኩስ ልውውጥ የታወቀችው ቶምስቶን ሜዳ ላይ ስለሆነች ሁለቱም ይገቡባታል። በሀይዌይ 80 ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ የምትገኘው የመዳብ ከተማ ቢዝቢ ግን ገደል ላይ የተሠራች በመሆኗ፣ ጠባብና ጠመዝማዛ መንገዶቿ ለትልቅ መኪና አይመቹም። ተሳቢውን ማቆሚያ ቦታ ላይ ፈትቶ በፒክአፕ ብቻ ወደ ከተማው መግባት፣ ወይም እስከ ሜክሲኮ ድንበር ናኮ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ሞተር ሆም ያለው ሰው ግን ዳቦ ለመግዛትም ቤቱን ይዞ መሄድ አለበት። (ከቶምስቶን በስተ ሰሜን የድንበር ጥበቃ ኬላ ስላለ፣ ዜግነት ያልወሰደ ሰው ግሪን ካርዱን አይርሳ።)

ጥገናው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። አንድ የማውቀው ሰው የሞተር ሆሙ ካምቢዮ ሲበላሽበት፣ ጋራዦቹ «ማንሻችን አይችለውም» እያሉ መለሱት፤ የሚሠራለት ሲያገኝም ቤቱ በጋራዡ ግቢ ውስጥ ተቆልፎበት ቤተሰቡን ይዞ ሆቴል ገባ። ፒክአፕን ግን የትም ያለ መካኒክ ይሠራዋል።

ተሳቢውም ቢሆን ጉድ አለው። ከመግዛትዎ በፊት በመስኮቱ ጥግ ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ከሰረጎደ ውኃ ገብቶ ውስጡ ያለው ኮምፔንሳቶ በስብሷልና ሻጩ ግማሽ ዋጋ ቢቀንስም አይግዙት። ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥርም ያንብቡ፤ 2317 ከሆነ በ2017 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ የበረሃ ፀሐይም ጥርሱ ያላለቀውን ጎማ ሳይቀር ይሰነጣጥቀዋል። በርካታ የተሳቢ ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት ከ65 ማይል ላልበለጠ ፍጥነት ስለሆነ፣ የአውራ ጎዳናው (ኢንተርስቴት 10) የፍጥነት ወሰን 75 ነው ብለው አይጋልቡ።

በመጨረሻም ተሳቢውን ከማቆሚያ ቦታው ኤሌክትሪክ ጋር ሲያገናኙ የሚሰኩትን፣ በ40 ዶላር የሚሸጡ አስመሳይ የኤሌክትሪክ መከላከያዎች አይመኑ፤ ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪን ቢያግዱ እንኳ፣ በሙቀት ወራት ሁሉም ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ሲከፍት ቮልቴጁ ቢወርድ ኃይሉን አይቆርጡም፣ የኤሲውን ኮምፕረሰር የሚያቃጥለውም ይኸው የወረደ ቮልቴጅ ነው። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ ኃይሉን የሚያቋርጠው ዓይነት ከ200 ዶላር በላይ ይጠይቃል፤ አዲስ ኤሲ ከነማስገጠሚያው ግን ከ1,000 ዶላር ያልፋል።