አሲክሎቪር፦ ለአልማዝ ባለጭራ የዋጥኩት ክኒንና ለምች የተቀባሁት ቅባት

ባለፈው ዓመት ግራ ጎኔን ሁለት ቀን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጀርባዬ እስከ ደረቴ ድረስ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ እንደ መቀነት ዞሮ ወጣ። ሐኪሙ አልማዝ ባለጭራ መሆኑን ገና ሲያየው ለየና 800 ሚሊ ግራም አሲክሎቪር በቀን አምስት ጊዜ ለሰባት ቀናት እንድወስድ አዘዘልኝ። ፋርማሲው የነበረው ባለ 400 ብቻ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት እየዋጥኩ በሳምንቱ ሰባ ክኒን ጨረስኩ።

መድኃኒቱን ከሌሎች ይልቅ እንዳደንቀው ያደረገኝ አሠራሩ ነው። አሲክሎቪር የበሽታው መንስኤ የሆነው ቫይረስ ዲኤንኤውን (የዘር መረጃውን) ከሚሠራባቸው ግብአቶች አንዱን የሚመስል ነገር ሲሆን፣ እንደተዋጠ ግን ምንም ኃይል የለውም፤ ሥራ እንዲጀምር የሚያደርገው ታይሚዲን ካይኔዝ የሚባለው የራሱ የቫይረሱ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም የመጀመሪያውን ፎስፌት ይለጥፍበታል፣ የሰውነታችን ኢንዛይሞች ደግሞ ሁለት ይጨምሩበታል፤ ከዚያ በኋላ ዲኤንኤውን የሚገነባው የቫይረሱ ኢንዛይም እውነተኛ ግብአት መስሎት ሲያስገባው ቀጣዩ የሚያያዝበት ቦታ ስለሌለው ሰንሰለቱ እዚያው ይቋረጣል። ቫይረሱ ባልገባበት ሴል ውስጥ መድኃኒቱ እምብዛም ስለማይነቃ ጤናማውን አካል ብዙም አይጎዳም። ከዚህ ሥራ ጀርባ ከነበሩት ተመራማሪዎች አንዷ ጌርትሩድ ኤሊየን በ1988 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተጋርታለች።

ክኒኑን ሽፍታው በወጣበት ዕለት ስለጀመርኩ ከሦስተኛው ቀን ወዲያ አዲስ ውኃ የቋጠረ ነገር አልወጣብኝም። ያለ መድኃኒትም ይድን እንደነበር አውቃለሁና ምስጋናውን ሁሉ ለክኒኑ አልሰጥም፤ ሕመሙም ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሳምንታት ቆይቷል። ሐኪሞች ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ይጀመር የሚሉት መድኃኒቱ የሚያግደው በመራባት ላይ ያለውን ቫይረስ በመሆኑ ነው፤ በነርቭ ውስጥ የተኛውን ግን አይነካውም።

ትልቁ ጉድለቱ አወሳሰዱ ነው። ከተዋጠው ውስጥ ወደ ደም የሚገባው ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ስለሆነ በቀን አምስት ጊዜ መዋጥ ግድ ይላል፤ እኔም የስልኬን ማንቂያ እየሞላሁ እንኳ ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አሳልፌያለሁ። በኩላሊት ውስጥ ሊረጋ ስለሚችል ውኃ አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል፣ የኩላሊት ሕመም ያለበትም ሰው መጠኑን ሳያስተካክል ሊወስደው አይገባም። ቫላሲክሎቪር የተባለው ተከታዩ ከግማሽ በላይ ወደ ደም ስለሚገባ በቀን ሦስት ጊዜ ይበቃል፤ የጠየቅሁበት ፋርማሲ ግን ዋጋው በብዙ ይበልጥ ስለነበር ተውኩት።

ስለ ቅባቱ ብዙ የምለው የለኝም። ከወራት በኋላ ከንፈሬን ምች ሲመታኝ ባለ 5 በመቶውን ገዝቼ በቀን አምስት ጊዜ ተቀባሁ፤ ቁስሉ የዳነው እንደ ወትሮው በሳምንቱ ነው። በጥናት የታየው ጥቅሙም ግማሽ ቀን ገደማ ማሳጠር ነውና ገንዘቡን አያወጣም። (እናቴ ግን ዳማከሴ ጨምቃ እያሸች ‹‹ፀሐይ ነው የመታህ›› ትለኝ የነበረው ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የፀሐይ ጨረር የከንፈሩን ቫይረስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው።)

ስለ አወሳሰዱ ያለኝን ቅሬታ የሚመልሰው ፍለጋ አሁን ወደ ሌሎች የቫይረሱ ኢንዛይሞች ዞሯል። ጃፓን በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአልማዝ ባለጭራ የፈቀደችው አሜናሜቪር የዲኤንኤውን ጥምዝ የሚፈታውን የኢንዛይም ስብስብ ስለሚያግድ በታይሚዲን ካይኔዝ መንቃት አያስፈልገውም፤ በዚህ ኢንዛይም ለውጥ ሳቢያ አሲክሎቪርን የተላመደውንም ቫይረስ ሊያቆም ይችላል። የሚወሰደውም በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ ነው። እሱን እዚህ ፋርማሲ እስካገኝ ድረስ ክኒኑን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ ቅባቱን ሁለተኛ አልገዛም።