ሰባት ቀን ከሰፈራችን ጽዋ ማኅበር ጋር

ልብስ ሰፊ ነኝ። ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሰፍቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ግን ባለፈው ነሐሴ ስለያዝኩት የፍልሰታ ሱባኤ ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ደንበኞቼ «እንዴት ነበር? ስንት ከፈልሽ? ለእናቴ ይሆናል?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ስመልስ ሥራዬ እየቆመ ስላስቸገረኝ ሁሉንም እዚሁ ልጻፈው አልኩ።

አዘጋጁ የጉዞ ድርጅት አይደለም። በየወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረትን ጽዋ የሚጠጣ የሰፈራችን ማኅበር ነው። ከተማችን ውስጥ አሁን መንፈሳዊ ጉዞ የሚያዘጋጅ ብዙ ነው። ባነር ይለጠፋል፣ ትኬት ይሸጣል፣ አውቶቡሱ በመዝሙር ደምቆ ቅዳሜ ይወጣል፣ እሁድ ማታ ይመለሳል። እሱም መልካም ነው። እኔም ደብረ ሊባኖስን የተሳለምኩት በእንዲህ ያለ ጉዞ ነው። ይሄኛው ግን ሄዶ መቀመጥ ነው። ከአንድ ቦታ ንቅንቅ የለም።

ነሐሴ 9 ገብተን ነሐሴ 16 ቆርበን ወጣን። ጾሙ ነሐሴ 1 ነው የሚገባው፤ ማኅበሩ የሚይዘው የመጨረሻውን ሳምንት ነው። አንድ ሱባኤ ማለት ሰባት ቀን ነው፤ ቃሉም የመጣው ከሰባት ነው። ሠርቶ አዳሪ ሁለቱንም ሱባኤ ልያዝ ቢል ይከብደዋል። ሰባት ቀን ግን ሱቅ ተዘግቶም ይቻላል፤ እኔ ዘግቼ ነው የሄድኩት።

ክፍያው 1,800 ብር ነበር። መጓጓዣው፣ ማደሪያውና ምግቡ በዚሁ ይጠቃለላል። የሌለው የቻለውን ይሰጣል። ማን ስንት እንደሰጠ የሚያውቁት የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እና ገንዘብ ያዧ ብቻ ናቸው። አብረውኝ ከተኙት ሴቶች መካከል ምንም ያልከፈለች ነበረች። ራሷ ነገረችኝ እንጂ በአያያዝ የሚለይ ነገር አላየሁም።

ቅሬታዬን ከመንገዱ ልጀምር። ጠዋት 12 ሰዓት ተባልን፤ የተከራዩት ቅጥቅጥ የመጣው 2 ሰዓት ነው። አሮጊቶች በዝናብ ቆመው ጠበቁ። በሰቃ መንገድ ወጥተን ከአስፋልቱ ስንገነጠል ደግሞ ሾፌሩ ጭቃውን አይቶ «ከዚህ በላይ አልገባም» አለ። ተጨማሪ ብር ሲጠይቅ ሙሴው እምቢ አሉ፤ እሱም ጥሎን ዞረ። ፍራሽ፣ ድስት፣ የሽንኩርት ጆንያ ይዘን መንገድ ላይ ቀረን። ነሐሴ ላይ ያ መንገድ ምን እንደሚመስል ማኅበሩ ያውቃል። ከባለመኪናው ጋር ሲዋዋሉ «እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር» ብለው ማስፈረም ነበረባቸው። ለሙሴውም ነግሬያቸዋለሁ፤ «ልክ ነሽ ልጄ» አሉኝ።

የደረሱልን የመንደሩ ልጆች ናቸው። ሙስሊሞች ናቸው ሁሉም። ሁለት አህያ አመጡ፤ የቀረውን በትከሻቸው ተሸከሙ። አንደኛው አብረውን የነበሩ የአንዲት እማሆይን ፍራሽ በፌስታል ጠቅልሎ፣ አንዲት ጠብታ ሳይነካው፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክሞ አደረሰላቸው። ገንዘብ ስንሰጣቸው ሳቁብን። የመጣነው ለጸሎት መሆኑን ያውቃሉ፤ «ለእኛም ዱዓ አድርጉልን» ብለው ሄዱ። በሰባቱም ቀን ምህላ ላይ ካህኑ የመንደሩን ሰው ሳያነሡ ቀርተው አያውቁም።

ቤተ ክርስቲያኗ ትንሽ ናት፤ ዙሪያዋን ቡና ነው። ቡናው በዋንዛና በብሳና ጥላ ሥር ቆሞ ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው። ጉሬዛዎቹ ከላይ ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። ሴቶች የተኛነው በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው፤ ጭቃ ምርግ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ወለሉ ላይ ሰሌን። ደረቅ ነው፣ ይሞቃል። ወንዶቹ ግን ድንኳን ተሰጣቸው፤ ድንኳኑ ያፈሳል። በሁለተኛው ሌሊት ፍራሻቸውን ተሸክመው ደጀ ሰላም ገቡ። መጸዳጃ ለ60 ሰው ሁለት ብቻ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነው። ሌሊት ለሚነሣ ሰው የእጅ ባትሪ ግድ ነው። ቦት ጫማ ያልያዘም ተሰቃይቷል።

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፤ አንዳንድ ቀን ንፍሮ። ጥሬ ብቻ ቆርጥመው የሰነበቱ እናቶችም አሉ። ስኳር ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ። በንስሐ አባታቸው ፈቃድ ጠዋት ትንሽ ይቀምሱ ነበር፤ ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም።

የቀኑ አካሄድ እንዲህ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደወል ይደወላል፣ ሰዓታት የሚባለው የሌሊት ጸሎት ይቆማል። ሲነጋ የኪዳን ጸሎት ይደርሳል። ከዚያ ውዳሴ ማርያም ከነትርጓሜው ይነበባል። ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ቅዱስ ኤፍሬም ነው፤ ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የተደረሰ ስለሆነ በሰባት ቀን አንዴ ሙሉ ይዞራል። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ጸሎት ነው። ትርጓሜውን ቁጭ ብዬ ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። አስተማሪያችን ወጣት መምህር ናቸው፤ አይጮኹም፣ አይቸኩሉም፣ ያልገባው ካለ ደግመው ይሉታል። ከቅዳሜና እሁድ በቀር ቅዳሴ የሚገባው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው።

በትርጓሜውና በቅዳሴው መካከል ሁለት ሰዓት የጽሞና ነው። ሂዱ የምላችሁ በዋናነት ለእነዚህ ሁለት ሰዓታት ነው።

ስልካችንን የመጀመሪያው ቀን በሰፌድ ሰብስበው ስማችንን በፕላስተር ለጥፈውበታል። ለአስቸኳይ ነገር ቤተሰብ የሚደውልበት አንድ የማኅበሩ ስልክ ብቻ ክፍት ነበር። በጽሞናው ሰዓት አይዘመርም፣ አይወራም፣ አይሰበክም። ሰው በግቢው ተበትኖ አንዳንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ዝናብ ከመጣ አዳራሽ ይገባል።

የእኔ እጅ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የመጀመሪያው ቀን የነጠላዬን ጠርዝ ስፈትልና ስፈታ ዋልኩ። ሁለተኛው ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዋንዛ ሥር ተቀምጬ ቅጠሉ ላይ የሚንጠባጠበውን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። የሞተችው ኅዳር ላይ ነው፣ የቡና ሰሞን። በዚያ ሰሞን ገበሬው እጁ ላይ ብር ይገባል፤ ለእኛ ለሰፊዎች የዓመቱ ገቢያችን ያኔ ነው። በሞተች በስምንተኛው ቀን ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት አለፈ። በወጉ ያለቀስኩላት እዚያ ዋንዛ ሥር ነው። ማንም መጥቶ «አይዞሽ» አላለኝም። የሚያስፈልገኝም ይሄው ነበር፤ ዝም ብሎ የሚተወኝ ሰው። ስጨርስ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ውኃ የሞላ ጣሳ አጠገቤ አስቀምጣ ሄደች።

ማታ ከምህላ በኋላ የማኅበር ታሪክ ይነገራል። ይህን ያህል እወደዋለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። የሚናገሩት ከመሥራቾቹ በሕይወት የቀሩት አንድ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ድሮ በቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር። ማኅበሩን የጀመሩት ግን ወንዶች አይደሉም። እዚያው መጋዘን ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። እናቴ አንዷ ነበረች።

«እናትሽ» አሉኝ ጋሼ በመጀመሪያው ማታ፣ «ከለቀመችበት ስሙኒ እያስቀረች ነው ጽዋውን የገዛችው። ብቻዋን አይደለም፣ አሥራ ሁለት ሆነው። እኔ አሥራ ሦስተኛ ነኝ፤ ሚዛን ያዥ ስለሆንኩ ሒሳብ ያዝልን ብለው ነው ያስገቡኝ።»

ይህን ቤታችን ውስጥ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ማኅበርተኛ መሆኗን እንጂ መሥራች መሆኗን አልነገረችኝም።

ከዚያ ደርግ መጣ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ሲነሡ ወሬው ጅማ የደረሰው በሹክሹክታ ነው አሉ ጋሼ። የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት ይጠራል፤ የቀረ ስሙ ይጻፋል። ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ሴቶቹ ጽዋውን ወደ ቀን አዞሩት፤ ለሰው ቡና የሚጠራሩ መሰሉ። ጽዋው በሙዳይ ውስጥ ተደርጎ፣ ከላይ ቆሎ ተነስንሶበት ከቤት ቤት ይሄዳል። ጎረቤት ሙስሊም ሴቶች ያውቃሉ። ቡናውን መጥተው ይጠጣሉ፣ ጸሎቱ ሲጀመር ወጥተው ደጅ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው ሲመጣ ያስላሉ። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ራሳቸው አሳሉልን። አዳራሹ ጸጥ አለ።

በፍልሰታ ሱባኤ መያዝ ለእነዚህ ሴቶች አዲስ አልነበረም፤ ግን እያንዳንዷ በየፊናዋ ነበር የምትሄደው። አንድ ላይ መሄድ የመጣው በተማሪዎች ነው። በ1983 ብላቴ ለወታደራዊ ሥልጠና የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚያ አብረው ይጸልዩ ነበር፤ በ1984 ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከመነሻዎቹ አንዱ ያ ነው። በየኮሌጁ የተማሪዎቹ መንፈሳዊ ማኅበር፣ ግቢ ጉባኤ፣ ሲጠናከር እኛም ከተማ ደረሰ። በ1992 የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ አንድ ሆነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲባል የተማሪው ቁጥር በዛ፤ ከሩቅ የመጡት ልጆች የበዓል ቀን የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም። የማኅበሩ ሴቶች ጸበል ጸዲቅ ያቀምሷቸው ጀመር። በኋላ አንድ ዲያቆን ተማሪ «እናቶቼ፣ ለምን ዘንድሮ ሱባኤውን አብረን አንይዝም?» አለ። አሥራ ዘጠኝ ሆነው፣ አንድ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ወጡ። ዛሬ 60 ነን። ግማሹ ተማሪ ነው።

በአምስተኛው ማታ ግን ይህ ሰዓት ተበላሸ። አንድ እንግዳ ሰባኪ መጡ፤ ድምፅ ማጉያ ተተከለ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰበከ። ጋሼ ጥግ ላይ የማኅበሩን ደብተር ይዘው ተቀምጠው ሳይናገሩ አደሩ። ትምህርቱ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ስብከት በየሳምንቱ ከተማ ውስጥ አለን። ጋሼ ሰማንያ አልፏቸዋል። በሚቀጥለው ዓመት ይህ እንዳይደገም አደራ እላለሁ። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያለ ማጉያም ይሰማል።

ነሐሴ 16 ቆረብን። ሕፃናቱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ። ከዚያ ጽዋው ወጣ፤ ጸሎት ደረሰ፣ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፤ ከነኮባ ቅጠሉ እንፋሎቱ ይወጣል። ጽዋውን ተቀብዬ ስጠጣ ዓይኔ የሄደው መሸፈኛው ላይ ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ። ነጭ ሻማ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙ በእጅ የተጠለፈ። አራት ቦታ ተደርቷል። አንዱ ድርት ጥቅጥቅ ባለ ስፌት ነው፣ የባለሙያ እጅ። ሌላው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ልጅ የሰፋው ይመስላል። ሦስተኛው ክሩ ወደ ቢጫ ያደላል። አራተኛውን ገልብጬ ከጀርባው ሳየው ክሩ የሚቋጨው በሁለት ዙር ነው፤ እናቴ እንደዚያ ነበር የምትቋጨው፣ እኔም ከእሷ ወርሼ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የምቋጨው። ገንዘብ ያዧ «አዲስ ትሰፊልን ይሆን?» ስትለኝ «አምስተኛውን ድርት ልድረብበት እንጂ አልቀይረውም» አልኳት። ደርቤ መልሻለሁ።

ዘንድሮ ለመሄድ የምታስቡ፣ ምዝገባ ሐምሌ 16 ከጽዋው በኋላ ይጀመራል፤ 60 ሲሞላ ይዘጋል። በስልክ አይመዘግቡም፣ ሰው በአካል መምጣት አለበት። ከገጠር ለሚመጣ ይህ አይመችም፤ ቢያሻሽሉት ጥሩ ነው። እናታችሁን ለመላክ የምትጠይቁኝ፣ መሬት ላይ ተኝታ የምትነሣ ከሆነች ላኳት። ጉልበቷን የሚያማት ከሆነ ግን ወፍራም ፍራሽ አስይዟት፣ አንድ ሰውም አብሯት ይሂድ። ዘና ብሎ አገር ለማየት የፈለገ ሌላ ጉዞ ይምረጥ። ዝም ብሎ መቀመጥ የናፈቀው ይሄንን ይያዝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡ። ደብተሩን ጭኔ ላይ አኖሩት። ሽፋኑ የለም፣ ጥጎቹን አይጥ በልቷቸዋል፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች በእርሳስ ነው የተጻፉት። አሥራ ሁለት ስም፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ስሙኒ፣ ስሙኒ፣ ስሙኒ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ። «ሳይጠፋ ገልብጪልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አሁን ሐሙስ ሐሙስ፣ ገበያው ሲበተን፣ ሱቄን ዘግቼ እገለብጣለሁ። የእርሳሱ ጽሑፍ ስለደበዘዘ ብርሃን ይፈልጋል፤ የመኪናዬን አምፖል ዝቅ አድርጌ ነው የማነበው። ገጽ 14 ደርሻለሁ።