የመጫወቻ ማሽኖች የፍተሻ ምስክር ወረቀት፦ አገልግሎቱ ሲመዘን

በመዝናኛ ፓርኮች ቲኬት መሸጫ አጠገብ በመስታወት ተሸፍኖ የሚሰቀለው የፍተሻ ምስክር ወረቀት ተከፍሎበት የሚገኝ የአገልግሎት ውጤት ነው። ከፋዩ የማሽኑ ባለቤት ሲሆን፣ ወረቀቱን አምኖ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ደንበኛው ነው። አገልግሎቱን በዋጋው ወይም በቅልጥፍናው መመዘን ይቻል ነበር፤ እኔ የመረጥሁት መለኪያ ግን አደጋ ደርሶ ተጠያቂው ሲፈለግ ወረቀቱ ለማን ምን እንደጠቀመ ማየትን ነው።

በሚገባ ሲከናወን ፍተሻው ቀላል ሥራ አይደለም። ባለሙያው ብየዳውን፣ ብሎኑን፣ የወንበር መቆለፊያውን፣ ፍሬኑንና የኤሌክትሪክ መስመሩን አንድ በአንድ ይመረምራል፤ በአውሮፓ ኢኤን 13814 የተሰኘው ደረጃ ከንድፉ ጀምሮ መሟላት ያለበትን ይደነግጋል። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን ከእ.ኤ.አ. 1981 ወዲህ በቋሚ ፓርኮች ውስጥ በተተከሉ ማሽኖች ላይ ሥልጣን ስለሌለው፣ ቁጥጥሩ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

የአገልግሎቱ የመጀመሪያ ጉድለት በዓይን የማይታየውን ማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 2017 በኦሃዮ ግዛት ዓመታዊ ባዛር ላይ ፋየር ቦል የተባለው ማሽን ሰው እንደጫነ ተሰብሮ አንድ ወጣት ሲሞት ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። ማሽኑ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ተፈትሾ አልፎ ነበር። አምራቹ በኋላ እንዳስታወቀው፣ ወንበሮቹን የተሸከመው የብረት ክንድ ከውስጥ በኩል በዝገት ተበልቶ፣ ግድግዳው ሸክሙን መቋቋም እስኪያቅተው ድረስ ሳስቶ ነበር። ቀለም የተቀባ ብረት ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ የግድግዳውን ውፍረት የሚያሳየው በአልትራሳውንድ የሚደረግ ልኬት ነው። ስለዚህ «ተመርምሮ ብቁ ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ወረቀት ምርመራው በዓይን ብቻ ይሁን በመሣሪያ ካልገለጸ፣ የሚሰጠው ማረጋገጫ ከቀለሙ በታች አይዘልቅም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህም ይከብዳል፤ ፍተሻው ማሽኑን እንጂ በማሽኑ ላይ የሚያዝዙትን ሰዎች አይመረምርም። እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 2015 በእንግሊዝ አልተን ታወርስ ፓርክ፣ ስማይለር በተባለው ሮለር ኮስተር (በተጠማዘዘ ሐዲድ ላይ የሚበር የፉርጎ መጫወቻ) ላይ ለሙከራ የተላከ ባዶ ፉርጎ አቀበቱን መውጣት ተስኖት ሐዲዱ ላይ ቆመ። ኮምፒዩተሩም የተሠራበትን ተግባር ፈጽሞ፣ 16 ሰዎች የጫነውን ቀጣይ ፉርጎ አገደ። ቴክኒሻኖቹ ግን አንድ ተጨማሪ ፉርጎ መግባቱን ስላላወቁ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ መሰላቸው፤ እገዳውን በእጅ አንሥተው ለቀቁት። በግጭቱ ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጥተዋል። ጉዳዩን የመረመረው የሥራ ጤንነትና ደህንነት ባለሥልጣን በሐዲዱም፣ በፉርጎዎቹም፣ ፉርጎዎቹን አራርቆ በሚያቆየው መቆጣጠሪያም ላይ እንከን አላገኘም፤ በሌላ አነጋገር ማሽኑ በዚያች ሰዓት ቢፈተሽ ያልፍ ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ያቀረበውን የሰው ስሕተት ነው የሚል ማብራሪያ ዳኛው አልተቀበሉትም፤ መሠረታዊው ጥፋት እንዲህ ያለ ውሳኔ በማንና እንዴት እንደሚሰጥ የተደራጀ አሠራር አለመኖሩ ነው አሉ። ድርጅቱም ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2016 አምስት ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። ቴክኒሻኖቹን አሳልፎ መስጠት ቀላሉ መንገድ ስለነበር፣ ፍርዱ በእኔ አስተያየት ተገቢውን ተጠያቂ የያዘ ነው።

በአውስትራሊያ ድሪምወርልድ ፓርክ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 2016 አራት ሰዎች ሲሞቱም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ሰዎችን በጀልባ በውኃ ላይ የሚያንሳፍፈው መጫወቻ የውኃ ፓምፕ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ ቆሞ እንደገና ተነሥቷል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን ውኃው ሲጎድል አንዱ ጀልባ ተንጠልጥሎ ቀረና ሌላው መጥቶ ገጨው። የአሟሟት መርማሪው ዳኛ ወደ ኋላ ሄደው መዛግብቱን ሲያገላብጡ፣ ማሽኑ በሠራባቸው 30 ዓመታት ውስጥ የተሟላ የአደጋ ሥጋት ግምገማ ተደርጎለት እንደማያውቅ ደረሱበት። ባለቤቱ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 3.6 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጥቷል። የፍተሻ አገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈበት፣ ብልሽቱ ከነመፍትሔው የሰፈረበት መዝገብ ካለ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። በአንጻሩ ሠላሳው ቀን በአንድ እስክሪብቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ የ«ራይት» ምልክት የተደረደረበት መዝገብ፣ ባለቤቱን ሊከላከልለት ሲገባ የሚያጋልጠው ማስረጃ ይሆናል።

እግረ መንገድ አንድ ቅሬታ ላንሣ። በአልተን ታወርስና በድሪምወርልድ ጉዳዮች የተቀጡት ኩባንያዎቹ ናቸው፤ የታሰረ ሥራ አስኪያጅ የለም። በእንግሊዝ ሃርሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በነፋስ የተወሰደ፣ ልጆች የሚዘሉበት በአየር የተነፋ መጫወቻ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በገደለበት ጉዳይ ግን ሁለቱ አስተዳዳሪዎች በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል እያንዳንዳቸው ሦስት ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ድርጅቱ ባነሰ ቁጥር ውሳኔውን የሰጠው ሰው በቀላሉ ይለያል፤ በትልቅ ድርጅት ውስጥ ግን ኃላፊነቱ በብዙ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ ይጠፋል።

ከምስክር ወረቀቱ ጎን ስለሚሰቀለው «በራስ ኃላፊነት ይጫወቱ» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ነጋዴ በቸልተኝነቱ ለሚደርስ ሞት ወይም የአካል ጉዳት ያለበትን ኃላፊነት በማስታወቂያም ሆነ በውል እንዳያስቀር ይከለክላል።

በጥቅሉ ይህ አገልግሎት ለባለቤቱ ሊገዛው የሚገባ፣ ለደንበኛው ግን ብቻውን የማይበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኦርላንዶ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሰዎችን ከፍ አድርጎ በድንገት ወደ ታች ከሚለቀው የነጻ መውደቂያ ማማ ሲወድቅ፣ የወንበሩ ሴንሰር ከመደበኛው በሰፋ ክፍተትም መቆለፊያውን እንደተዘጋ እንዲቆጥረው ሆን ተብሎ በእጅ ተስተካክሎ ነበር። የፍሎሪዳ ግዛት ኦፕሬተሩን 250,000 ዶላር ቀጥቷል። ስለዚህ ባለቤት የሆነ ሰው ውሉን ሲፈርም ሦስት ነገሮች እንዲካተቱ ይጠይቅ፦ የብረት ውፍረት ልኬት፣ ማናቸውም ለውጥ ሲደረግ ፍተሻው እንደገና እንዲካሄድ የሚያስገድድ አንቀጽ፣ እንዲሁም ማሽኑ ሲቆም እንደገና የማስነሣት ሥልጣን ያለውን ሰው በስም የሚጠቅስ የሥራ መመሪያ። ደንበኛ የሆነ ደግሞ ወረቀቱን አይቶ ወደ ኦፕሬተሩ ይመልከት፤ ኦፕሬተሩ የእያንዳንዱን ወንበር መቆለፊያ በእጁ ስቦ ሳያረጋግጥ ማስነሻውን የሚጫን ከሆነ፣ ቲኬቱን መመለስ ይሻላል።