በማር የፈላ የሳል መድኃኒት፦ ከቸርችል ጎዳና የገዛኋቸው ሁለት ጠርሙሶች

በቸርችል ጎዳና፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲወረድ፣ አንዲት ጠባብ የባህል መድኃኒት መሸጫ በማር፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በጥቁር አዝሙድ ተጠንስሶ የፈላ የሳልና የጉንፋን መድኃኒት ትሸጣለች። ግማሽ ሊትሩ 850 ብር ነው። በጥርና በመጋቢት አንድ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ፤ ሙያዬ የመድኃኒት ጥራት ምርመራ በመሆኑም በመቅመስ ብቻ አልተወሰንኩም።

መልካሙን ላስቀድም። መድኃኒቱ የተሞላው ብርሃን በማያሳልፍ ቡናማ ጠርሙስ ነው፤ የተጠነሰሰበት ቀንና የጥንስሱ ቁጥር በላዩ ተጽፏል። የሱቁ ባለቤት የሆኑት እናት ማሩ ከየት እንደ መጣና ጥንስሱ ስንት ቀን እንደ ቆየ የሚመዘግቡበት ደብተር አላቸው፤ የጠርሙሴን ቁጥር ስነግራቸው ገጹን ወዲያው አወጡልኝ። ይህ ደብተር ባይኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈውን ጉድለት ምክንያቱን ማወቅ ባልቻልኩም ነበር።

አሲድነቱም ደኅና ነው፤ የሁለቱ ፒኤች (ዝቅ ባለ ቁጥር አሲድነቱ እንደሚበረታ የሚያሳይ መለኪያ) 3.8 እና 3.7 ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ማር አደገኛ መርዝ የሚያመነጨውን የክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም ባክቴሪያ ዘር (ስፖር) ሊይዙ ስለሚችሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባክቴሪያው ፒኤች ከ4.6 በታች በሆነበት አድጎ መርዝ አያመነጭም። ዘሩ ግን በአሲድ አይሞትምና አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ይህን መድኃኒት በጭራሽ መስጠት አይገባም። በጠርሙሱ ላይ ይህ አልተጻፈም፤ መጻፍ ነበረበት።

ዋናው ጉድለት የወጥነት ነው። የቀረው ስኳር መለኪያውን እንዳያሳስት አልኮሉን እንደ አረቄ በሙቀት አውጥቼ ስለካው፣ በጥር የገዛሁት ጠርሙስ 6.2 በመቶ፣ የመጋቢቱ ደግሞ 9.1 በመቶ ሆነ። የመጋቢቱ ሲከፈት ፊሽ ብሎ አረፋው ገነፈለ፤ ይህም መፍላቱ ሳያበቃ መታሸጉን ያሳያል። ደብተሩ እንደሚለው ሁለቱም 21 ቀን ቆይተዋል። ነገር ግን የጥር ሌሊት ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል፣ የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ ቀን መቁጠር ብቻውን መለኪያ አይሆንም። የፈሳሽን እፍጋት በሚለካው በሃይድሮሜትር የሚነበበው ቁጥር ለተከታታይ ቀናት ሳይለወጥ ሲቀር ነው መፍላቱ ቆሟል የሚባለው፤ መሣሪያውም ውድ አይደለም።

በህንድ አሳቫና አሪሽታ የሚባሉት፣ በዳታኪ አበባ እየታገዙ የሚፈሉት የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) መድኃኒቶች ፒኤቻቸው፣ እፍጋታቸው፣ ስኳራቸውና ሜታኖል የተባለው መርዛማ አልኮል አለመኖሩ ይመረመራል፤ ለብዙዎቹም የተወሰነው የአልኮል መጠን ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በዚያ ወሰን ሁለቱም ጠርሙሶቼ ያልፋሉ። እኔን የሚያሳስበኝ በአንድ ስምና በአንድ ዋጋ የተሸጠው አንዱ ከሌላው ግማሽ ያህል ብልጫ ያለው አልኮል መያዙ ነው። የጥቁር አዝሙድ ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ታይሞኩዊኖን ከውኃ ይልቅ በአልኮል በደንብ ስለሚሟሟ፣ አልኮሉ ሲለያይ በማንኪያ የሚወሰደው መድኃኒትም ሊለያይ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን አልኮል እንዳለበት የሚገልጽ አንድም ቃል አለመኖሩ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ በሾርባ ማንኪያ የሚወሰደው የመጋቢቱ መድኃኒት ከ3 ግራም በላይ አልኮል ይሰጣል። መጠኑ ለጤናማ አዋቂ ጥቂት ነው፤ በእምነቱ ምክንያት አልኮል የማይቀምስ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ከአልኮል ጋር እንዳይወሰድ የሚመከረውን ሜትሮኒዳዞል የተባለ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሕመምተኛ ግን አውቆ የመምረጥ መብት አለው። ይህን ለሱቁ ባለቤት ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እኔ መድኃኒት እንጂ ጠጅ አልሸጥኩም» አሉኝ፤ ቅሬታ እንጂ ቁጣ አልነበረበትም። የለካሁበትን ወረቀት አሳየኋቸውና ከደብተራቸው ገጽ ጋር አስተያየን።

ጣዕሙ ግሩም ነው፤ የማሩ ጣፋጭነት የዝንጅብሉን ማቃጠል ያለዝበዋል፣ ጉሮሮንም ያሳርፋል። አልኮል የሚስማማው አዋቂ ሰው ቢገዛው አልቃወምም፤ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው፣ ሲከፍትም ክዳኑን ቀስ እያለ ያላላ። ስወጣ እናቲቱ በደብተራቸው አዲስ ገጽ ላይ ከቀኑ ጎን ሌላ መስመር አስምረው፣ በራሱ ላይ «አልኮል» ብለው ሲጽፉ አየሁ። በግንቦት ሦስተኛውን ጠርሙስ ልገዛ እመለሳለሁ።