ፒዲኤፉን ወደ ኢንዲዛይን መለወጥ ወይስ እንደ አዲስ መተየብ?

አራት ኪሎና ፒያሳ ማተሚያ ቤት የሚመጣ ደንበኛ ብዙ ጊዜ በፍላሽ የያዘው ፒዲኤፍ ብቻ ነው፤ ዋናው ፋይል ጠፍቷል። ፒዲኤፉን ወደ ኢንዲዛይን (የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ፋይል መለወጥ ይሻላል ወይስ እንደ አዲስ መተየብ?

ጊዜ፦ መለወጫ ሶፍትዌሩ በደቂቃዎች ይጨርሳል፤ መጽሐፍ መተየብ ቀናት ይፈጃል።

ወጪ፦ ለአንዱ የሶፍትዌር ክፍያ፣ ለሌላው የተየቢና የአራሚ ዋጋ።

ስጋት፦ ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። ፒዲኤፍ በዋናነት የሚይዘው እያንዳንዱ ፊደል ገጹ ላይ የት እንደሚያርፍ ነው፤ አንቀጹ የት እንደሚያልቅ ብዙውን ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ ሲለወጥ መስመሩ ሁሉ የተበጣጠሰ ሳጥን ሊሆን ይችላል። አማርኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተሠራ ጽሑፍ ሲለወጥ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። እባክዎ ከመክፈልዎ በፊት አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉና አማርኛው በትክክል መውጣቱን ይዩ። እኔ ይህን ሳልሞክር ዋጋ አልናገርም።

በዩኒኮድ ለተሠራ፣ ሠንጠረዥና ሥዕል ለበዛበት ሪፖርት ወይም ብሮሹር መለወጥ ያዋጣል። ስካን ለተደረገ ወይም በድሮ ፎንት ለተለቀመ መጽሐፍ ግን ይተየብ፤ በሰው ዓይንም ይታረም።